አንድ ዓይን ይዞ በአፈር መካከል

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይላል ያገራችን ሰው። ምክሩ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ምክሩን ያወጡት አባት ካኩማን አላዩም። እዚህ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ አፈሩ ራሱ ነው ከሰው ጋር የሚጫወተው። በቆርቆሮው ሽንቁር ይገባል፣ በእንጀራው ላይ ይነሰነሳል፣ በደብተር ቅጠሎች መካከል ገብቶ ያድራል። እኛ ደግሞ በተረት ሳይሆን በእውነት ባለ አንድ ዓይን ነን። ግራ ዓይናችን የወጣው በ1984 ዓ.ም፣ በሁለት ዓመታችን ነው። ይህ ካምፕ የተከፈተውም በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኛቸው ምንም የለም፤ መምህር ስለ ሆንን ዓመተ ምሕረት ማመሳከር እንወዳለን፣ ያ ብቻ ነው።

«እኛ» ስንል አንባቢ ብዙ ሰው እንዳይመስለው፤ አንድ ሰው ነን። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን የቋንቋ መምህራችን «እኔ፣ እኔ የሚል ጽሑፍ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚጮኽ ዶሮ ነው» ይሉን ነበርና ልማዱ እስካሁን አልለቀቀንም። ደግሞም ይህን ኑሮ ብቻችንን ኖርነው ለማለት ያስቸግራል። እናትና አባት፣ ሚስትና ልጅ፣ አንድ ድሬሰርና አንድ በሬ አሉበት። የመጽሔታችን አዘጋጆች «ስለ ስደት ብዙ ተጽፏል፤ እስቲ ስለ ኑሮ ጻፉ» ስላሉን፣ በሕፃንነት ከያዘ ነቀርሳ ተርፎ ሙሉ ኑሮ መኖር ምን እንደሚመስል የምናውቀውን ያህል እንጽፋለን።

ሕመሙን ራሳችን አናስታውሰውም፤ የምናውቀው እናታችን ደጋግማ ስለ ነገረችን ነው። የተወለድነው በወሎ ገጠር፣ ከደሴ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ላይ ነው። አንድ ምሽት እናታችን ጡት ስታጠባን በኩራዙ ብርሃን ግራ ዓይናችን ውስጥ ነጭ ነገር ብልጭ አለባት። «ድመት በጨለማ ስታይህ ዓይኗ እንደሚያበራው» ትለዋለች። ቀን ስታየው የለም፤ ማታ ወደ ኩራዙ ስታዞረን ይመለሳል። ለጎረቤት ብትነግር አንዷ «ቡዳ ነው» አለቻት፤ ሌላዋ «ዓይኑ የሚያበራ ልጅ ሰጥቶሽ ምን ያስጨንቅሻል?» አለቻት። ጠበል ተወሰድን። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ወደ አፍንጫ መንሸዋረር ጀመረ።

በወረዳው ጤና ጣቢያ አንድ ድሬሰር ነበር። ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ገበያ ቀን ከመቶ ሰው በላይ የሚያስተናግድ ሰው። ባትሪ አብርቶ ዓይናችንን ተመለከተና ባትሪውን አጥፍቶ እንደገና አበራው። ከዚያም «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ለነገ የሚባልም አይደለም፤ አዲስ አበባ ውሰዱት» አላቸው። ይህ ሰው በሽታውን በስሙ ያውቀው እንደ ነበረ ማንም አልጠየቀውም። እናታችን ግን እስከ ዛሬ ማታ ስትጸልይ ስሙን ትጠራዋለች።

አባታችን ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ሸጡ። የገበሬ ልጅ የሆነ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። በአንድ በሬ አይታረስም፤ ወይ መቀናጆ ይፈለጋል፣ ወይ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል። አባታችን ቀልድ የማያበዙ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ስለዚያ ዓመት ሲነሣ «ቤታችን በአንድ በሬና በአንድ ዓይን ከረመ» ይሉ ነበር።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓይናችን በቀዶ ጥገና ወጣ። እናታችን ስለ ሐኪሞቹ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ አብዝታ የምታነሣው አጠገባችን ስለ ተኛችው ልጅ ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣች፣ በዕድሜ ከእኛ አንድ ዓመት ያህል የምትበልጥ ልጅ ነበረች። የእሷ ዓይን አብጦ ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። ሁለቱ እናቶች ማታ ማታ መሬት ላይ አንድ ጋቢ ደርበው ያድሩ ነበር፤ ቆሎ ይካፈሉ ነበር። በአምስተኛው ቀን ለልጅቷ እናት የሚደረግ ነገር እንደሌለ ተነገራትና ልጇን አዝላ ወጣች። እኛ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ስናልፍ እናታችን እልል ካለች በኋላ «ያቺ ልጅም ብትኖር ይኸኔ ተፈትና ነበር» አለች። ስናገባ «ያቺ ልጅም አግብታ ነበር» አለች። ስንወልድ በስልክ ነገርናት፤ ጥቂት ዝም ብላ ያንኑ አለች። ልጅቷ ከእኛ ጋር እኩል እያደገች መጥታ ዛሬ ሠላሳ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኗታል።

የበሽታው ስም ሬቲኖብላስቶማ ነው። ስሙ ቢረዝምም ነገሩ አጭር ነው፤ ከዓይን ኋላ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ የሚበቅል የሕፃናት ካንሰር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሲሆን፣ ከ15,000 እስከ 20,000 ከሚደርሱ ሕፃናት መካከል አንዱን ቢያገኝ ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ዋርድሮፕ እ.ኤ.አ. በ1809 በሽታው ራሱን የቻለ መሆኑን ገልጾ፣ ዓይኑን በጊዜ ማውጣት ነፍስ ሊያድን እንደሚችል መክሯል፤ ያውም ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን። ዛሬ በመድኃኒት፣ በሌዘርና በማቀዝቀዝ ዓይኑ ራሱ የሚድንበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም ቶሎ ከተደረሰበት ነው።

«ቶሎ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ያለ ቍጥር ይነገራል፤ ቍጥሩ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ከ153 አገሮች 4,351 ሕሙማንን መዝግቦ ነበር። በሀብታም አገሮች በሽታው የታወቀው በመካከለኛ ግምት ልጁ 14 ወር ሲሆነው ነው፤ በድሆች አገሮች 30 ወር ሲሆነው። በሽታው ሲታወቅ ወደ ሌላ አካል ተዛምቶ የተገኘባቸው በሀብታሞቹ ዘንድ ከ1,000 ሦስት ያህሉ ሲሆኑ፣ በድሆቹ ዘንድ ከ100 አሥራ ዘጠኝ ያህል ነበሩ። ነጩ ብልጭታ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ነው። በመካከሉ ያለው አሥራ ስድስት ወር የመንገድ ነው፣ የአውቶቡስ ነው፣ ባትሪ ያለው ድሬሰር የመኖርና ያለመኖር ነው። እኛ ከዚያች ልጅ ጽድቅ በልጦን አልተረፍንም። እናታችን የተረፍነው በማርያም ነው ትላለች፤ በዚህ አንከራከራትም፤ በሬውንና ድሬሰሩንም ያዘጋጀችው እሷ ናት ካለች በኋላ ምን ክርክር ይቀራል!

አባታችን ከሆስፒታል የተሰጣቸውን አንዲት ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው በሳጥን ውስጥ፣ ከግብር ደረሰኝ ጋር ያስቀምጧት ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈች ስለሆነች በቤቱ የሚያነባት አልነበረም። ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ አወጡና «እንግዲህ ተምረሃል፤ ምን ትላለች?» አሉን። ከትምህርት ቤት መዝገበ ቃላት ተውሰን ቃል በቃል ስንፈታ ዋልን። ሬቲኖብላስቶማ የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላቱ አልነበረም። «ግራ ዓይን ወጥቷል» የሚለውን አገኘን፤ «የዕይታው ነርቭ ከበሽታው ንጹሕ ነው» የሚለውንም አገኘን። አባታችን ይህን ሲሰሙ «ንጹሕ ነው ይላል?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁን። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺ ወረቀት ምን ትላለች እያሉ ከሳጥኑ አጠገብ ይተኙ ኖሯል።

ስለ ልጅነታችን ብዙ አንልም፤ እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት ጠብቀናል፣ ተደባድበናል፣ ተገርፈናል። ልጆች «አንድ ዓይና» ይሉን ነበር። የሚያሳዝነን ግን ስድቡ አልነበረም። ባልንጀሮቻችን ሲምሉ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ይላሉ፤ እኛ ያንን ስንምል ሁሉም ድንገት ጸጥ ይሉ ነበር። መሓላ እንኳ እኩል አይደለንም ማለት ነው። በኋላ ግን አንድ ጥቅም አገኘንበት፦ እኛ በዓይናችን ከማልን ማንም ሰው «ዋሸህ» የሚለን ጠፋ።

በዐሥራ አራት ዓመታችን አዲስ አበባ ወስደው ሰው ሠራሽ ዓይን አስገቡልን። እስከዚያ ድረስ ጐድጓዳው ባዶ ስለ ነበረ አጥንቱ በደንብ አላደገም፤ የፊታችን ግራ ወገን ከቀኙ ጥቂት ያንሳል። ሰው ሁሉ «መስታወት» ይለዋል፤ ነገር ግን ፕላስቲክ ነው። ቀድሞ የመስታወት ዓይን ከጀርመን አገር ይመጣ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዕቃው ሲቋረጥ፣ አሜሪካኖች ለጥርስ ሥራ ከሚያገለግለው ፕላስቲክ ዓይን መሥራት ጀመሩ፤ ልማዱም በዚያው ቀረ። ቅርጹም እንደ ብይ ድቡልቡል አይደለም፤ እንደ ባቄላ ገለባ የጎደጎደ ሽፋን ነው። ማታ አውጥተን አጥበን እንመልሰዋለን። አማርኛችን «ዓይን አውጣ» የሚለው ኀፍረት የሌለውን ሰው ነው። እንግዲህ በአገሩ ሁሉ እንደ እኛ በሕግ ዓይን አውጣ የሆነ ሰው የለም ማለት ነው።

መምህር ለመሆን ባመለከትን ጊዜ፣ ከመራጮቹ አንዱ «በአንድ ዓይን ስልሳ ተማሪ እንዴት ትቆጣጠራለህ?» አሉን። እኚያ ሰው ጥያቄያቸውን እንደ መልስ ነበር የተናገሩት፤ መዝገባችንንም ዘግተውት ነበር። ሌላኛው መራጭ «እኔ በሁለት ዓይን አልቻልኩም» ባይሉ ኖሮ ዛሬ ይህን አንጽፍም። ጥያቄው ግን በራሱ ከንቱ አልነበረም። አንድ ዓይን ያለው ሰው የነገርን ርቀት እንደ ሌላው አይለካም፤ በጎደለው ወገን ያለውም አይታየውም። ስለዚህ ክፍል ስንገባ ሁልጊዜ በግራ በኩል፣ ግድግዳውን ተጠግተን እንቆማለን፤ ያን ጊዜ ተማሪው ሁሉ በቀኝ ይሆናል። ልጆች ደግሞ ብልጥ ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት የትኛው ዓይን እንደማያይ ይደርሱበታል፤ በወሩ መጨረሻ ወንበራቸውን ቀስ በቀስ ወደ ግራ ሲያስጠጉ እናገኛቸዋለን። ሻይ ስንቀዳ የማንቆርቆሪያውን አፍ ከብርጭቆው ጠርዝ እናስነካዋለን። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ግን ትተነዋል። በተረፈ አእምሮ በሕፃንነቱ የለመደውን አይረሳም፤ አንገታችንን ጥቂት እያዞርን ዓለምን እንለካለን። ሁለት ዓይን ያላቸው ሰዎች ዓለም ምን ያህል እንደሚሰፋላቸው ስለማናውቅ አይናፍቀንም።

በዚህ በሽታ አልፈው ስለ ኖሩ ሰዎች ማንበብ እንወዳለን። ዳንኤል ኪሽ የሚባለው አሜሪካዊ ሁለቱም ዓይኖቹ የወጡት ከዐሥራ አራት ወሩ በፊት ነው። ምላሱን እያጮኸ የድምፁን ገደል ማሚቶ በማዳመጥ ብስክሌት ይነዳል፤ ሌሎች ዓይነ ስውራንንም ያስተምራል። ይህ የሚያስደንቅ ነው። እኛ ግን ይበልጥ የምንወደው የፊልም ተዋናዩን ፒተር ፎልክን ነው። ቀኝ ዓይኑ የወጣው በሦስት ዓመቱ ነው። በትምህርት ቤት ዘመኑ ቤዝቦል ሲጫወት ዳኛው ያላግባብ ከጨዋታ ቢያስወጣው፣ ሰው ሠራሽ ዓይኑን አውጥቶ ለዳኛው እንደ ሰጠው ራሱ ይናገር ነበር። በኋላም ኮሎምቦ በሚባለው የቴሌቪዥን ፊልም መርማሪ ፖሊስ ሆኖ ዝነኛ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ። የምንወደውም ስለ ዓይኑ ሳይሆን ስለ ሥራው ስለሚታወቅ ነው። ከነቀርሳ የተረፈ ሰው ከሁለት ነገር አንዱን እንዲሆን ይፈለጋል፦ ወይ የሚታዘንለት፣ ወይ ተአምር። ተራ መምህር፣ ደመወዝ ዘገየ ብሎ የሚያማርር፣ ከሚስቱ ጋር ስለ ከሰል የሚጨቃጨቅ ሰው መሆን ግን ብዙ ጊዜ አይፈቀድለትም። እኛ ሙሉ ኑሮ የምንለው ይህን ነው።

ባለቤታችንን ስናጭ ሁሉን ነገርናት። የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ማታ የት ታስቀምጠዋለህ?» ሽማግሌ ስንልክ ግን አባቷ ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፦ «በዘር የሚሄድ ነው ወይ?» አገራችን ለጋብቻ ዘር ሲቆጥር ኖሯል፤ አብዛኛው ቆጠራ ከንቱ ነው። ይህኛው ጥያቄ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ በሐቅ መመለስ ነበረብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎተራ በሁለት ዘበኞች ይጠበቃል እንበል። አንዱ ቢሞት ሁለተኛው ይጠብቃል፤ ሁለቱም ከሞቱ ሌባ ይገባል። በሬቲናችን ሕዋስ ውስጥ አርቢ1 የሚባል ጂን ሁለት ቅጂ አለ፤ ዘበኞቹ እነሱ ናቸው። ሳይንቲስቱ አልፍሬድ ክኑድሰን የ48 ሕሙማንን መዝገብ አገላብጦ ይህን ሐሳብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ጂኑ ራሱ የተገኘው በ1986 ነው። አንዳንዱ ልጅ ከወላጁ ወይም ከመጀመሪያው ጽንስ አንድ ዘበኛ ሞቶ ይወለዳል፤ በመላ አካሉ ማለት ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ የታመሙ ልጆች ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ወገን ናቸው፤ ከልጆቻቸውም ግማሹ ይህንኑ ይወርሳል። እንደ እኛ አንድ ዓይኑ ብቻ የታመመና በዘሩ ሌላ ሕመምተኛ የሌለው ግን፣ ከ100 ዐሥራ አምስቱ ያህል ብቻ ናቸው ከዚያ ወገን የሚሆኑት። የዐሥራ አምስት ግማሽ ሰባት ተኩል ነው። ስለዚህ ለአማታችን «ከመቶ ልጆች ሰባት ወይም ስምንት» አልናቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና «በእኛ ቤት እብደት አለ፤ ቍጥሩን ግን የነገረን የለም» ብለው ልጃቸውን ሰጡን።

አገራችንን በ2013 ዓ.ም በሞያሌ በኩል ለቀን ወጣን። ምክንያቱ ከዓይናችን ጋር ግንኙነት የለውም፤ የዚህች መጽሔት አንባቢም የየራሱን ስለሚያውቅ የእኛን አንዘረዝርም። ከያዝናቸው ጥቂት ነገሮች መካከል የአባታችን ወረቀት ነበረች። ስንመዘገብ የጣት አሻራ ከተወሰደ በኋላ ዓይን በሚያነብ መሣሪያ እንድንመለከት ታዘዝን። ቀኙን አነበበው፤ ግራውን እምቢ አለ። መዝጋቢው ወጣት መሣሪያውን ሦስት ጊዜ ወለወለው፤ ዓይናችንን በሰፊው እንድንከፍት ለመነን። በመጨረሻ ዓይኑን አውጥተን መዳፋችን ላይ አሳየነው። ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ከዚያ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። በመዝገቡ ላይ «ግራ ዓይን የለም» ተብሎ ተጻፈ። በስደት ስለ እኛ ከተጻፈው ሁሉ ማስረጃ ያልተጠየቀበት ይህ ብቻ ነው።

እዚህ ዋናው ችግር አፈርና ውሃ ነው። ጐድጓዳው በአቧራ ይቆጣል፣ መግል ይቋጥራል፤ ዓይኑም ሲጫር ሽፋሽፍቱን ይከረክራል፤ የሚያለሰልሰው ባለሙያ ደግሞ በቅርብ የለም። ስለዚህ ከዕለቱ ጀሪካን አንድ ብርጭቆ ውሃ ተፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ተከድኖ ይቀመጣል። ውሃ በጠፋበት ቀን ባለቤታችን ከሻይ በፊት የዓይኑን ውሃ ትለያለች። መነጽር እናደርጋለን፤ ለማንበብ ሳይሆን የቀረውን ዓይን ከድንጋይና ከእሾህ ለመከለል ነው። አንድ ዓይን ብቻ ያለው ሁሉ ቢያደርገው መልካም ነው።

ልጃችን በ2015 ዓ.ም እዚሁ ተወለደች። በሦስተኛው ቀን ወረቀቷን ይዘን ክሊኒክ ሄድን። የጤና መኮንኑ ወጣት ኬንያዊ ነበር፤ በላስቲክ የተጠቀለለችውን ወረቀት ፈትቶ አነበበና «ይህን የት አገኛችሁት?» አለን። በሬ ተሽጦ የተገዛ ነው ብለን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት አልሞከርንም። በዚህ አገር ለእናቶች የሚሰጠው የጤና ደብተር የሕፃኑ ብሌን ነጭ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ ቦታ አለው፤ ለእኛ ልጅ ግን ባትሪ ብቻ አይበቃትም። ብሌኑን በጠብታ አስፍተው፣ በማደንዘዣ አስተኝተው፣ የዓይኗን ጀርባ ጥግ ድረስ የሚያዩ ባለሙያዎች ያስፈልጋሉ፤ እነሱ ያሉት ናይሮቢ ነው። ከካምፑ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ የሐኪም ደብዳቤ፤ ለደብዳቤው ተራ። አስቀድመን የጻፍነው የአሥራ ስድስት ወር ነገር በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ በቍጥር ታየን። የእኛስ ደም ቢመረመር ዘበኛው በልደት የሞተ መሆን አለመሆኑ ይታወቅ ነበር፤ ንጹሕ ቢሆን ልጂቱም ከዚህ ሁሉ ምልልስ ታርፍ ነበር። ምርመራው በዓለም ላይ አለ፤ ለእኛ ግን አልደረሰም።

የመጀመሪያውን ምርመራ ያገኘነው ልጂቱ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሲሆናት ነው። አስተኝተው ሲወስዷት ባለቤታችን ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ያነጠፈችው ከአንዲት የማትግባባት ቱርካና ሴት ጋር እኩል ነው። ሴትየዋም ልጇን አስገብታ ትጠብቅ ነበር። በምን እንደ ተግባቡ አናውቅም፤ ስንመለስ አንድ ዳቦ ለሁለት ይበሉ ነበር። ያን ጊዜ እናታችን ለምን ከሐኪሞቹ ይልቅ ያቺን እናት እንደምታስታውስ ገባን። የእኛ ልጅ ንጹሕ ናት ተባለ። የዚያች ሴት ልጅ ምን እንደ ተባለ ሳንሰማ አውቶቡስ ደረሰ።

አንድ ጊዜ ንጹሕ መባል ግን አይበቃም፤ በሽታው በየትኛውም ወር ሊነሣ ይችላል። በየጥቂት ወሩ ተመልሰናል፤ አሁን ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ እስካሁን ምንም አልተገኘባትም። ሐኪሞቹ እስከ ሰባት ዓመቷ ድረስ ክትትሉ እንዳይቋረጥ ብለውናል።

ይህ ወሬ ስለ ተሰማ ጎረቤቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ኢትዮጵያዊውም፣ ደቡብ ሱዳኑም፣ ሶማሌውም። «አንተ የዓይን ነገር ታውቃለህ፤ እይልን» ይሉናል። ሐኪም አይደለንም፤ የምናደርገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ የልጁን ፎቶግራፍ በስልካቸው እንዲያሳዩን እንጠይቃለን፤ በመብራት በተነሣው ፎቶ አንዱ ብሌን ቀይ ሆኖ ሌላው ነጭ ከሆነ፣ ወይም ዓይኑ የሚንሸዋረር ከሆነ፣ በማግሥቱ ክሊኒክ አብረናቸው እንሄዳለን። ሁለተኛ እንዳይደነግጡ እንነግራቸዋለን፤ ነጭ ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ የብርሃኑ አቅጣጫም ያመጣዋል። እስካሁን ካመጡልን ልጆች መካከል አንዱ የዓይን ሞራ ተገኝቶበት ታክሟል፤ የሌሎቹ ምንም አልነበረም። አንዳንዱ «ዝም ብሎ ያስደነግጣል» ብሎ ያማናል። ይማን።

ልጃችን ማታ ዓይናችንን ስናጥብ አጠገባችን ቁጢጥ ብላ ማየት ትወዳለች። የሰው ሁሉ ዓይን የሚወጣ ይመስላታል። ባለፈው ሰሞን የራሷን ልታወጣ በጣቷ ስትታገል ደረስንባት፤ «የእኔ እምቢ አለ» ብላ አለቀሰች። ያንቺ የተተከለ ነው፣ አይወጣም አልናት። «ያንተስ?» አለች። የእኛ የሚታጠብ ነው አልናት። በዚህ ጥቂት አሰበችና ብርጭቆውን ይዛልን ቆመች።

የሚቀጥለው ምርመራ በግንቦት ነው። የፈቃዱን ማመልከቻ ባለፈው ሰኞ አስገብተናል፤ ለዚያ ሳምንት ክፍላችንን የሚይዝልን መምህርም አግኝተናል። ተማሪዎቹ በግራ በኩል እንደሚጠጉ ነግረነዋል፤ እሱ ግን ሁለት ዓይን ስላለው ግድ የለውም።